በሥራ መካከል የሚገኝ አርምሞ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የልማት ሥልጠና መክፈቻ ላይ በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ኦፊሰር በሆነ ዲያቆን የቀረበ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከእኔ በኋላ ስለ በጀት አጠቃቀም፣ ስለ ውኃ ተቋማት አስተዳደርና ስለ ሪፖርት አዘገጃጀት የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ይቀርባሉ። ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ግን በቅጽ የሚሞላ አይደለም። ሥራ የበዛበት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከእግዚአብሔር ጋር የሚሆንበትን ጸጥታ ከወዴት ያገኛል? የሚል ነው።

ጸጥታ ስል ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ የወረዳውን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ሳያስቡ አልቀሩም። ቃሉ በዘመናችን ከጥበቃና ከፖሊስ ጋር ተቆራኝቶ የልብ መሆኑ ተረስቷል። አባቶቻችን ለዚህ ነገር አርምሞ የሚል የጠራ ቃል አላቸው። አርምሞ አፍን መዝጋት ብቻ አይደለም። አፉ ዝም ብሎ ልቡ ገበያ የሚውል ሰው አለ፤ ቀኑን ሙሉ ከሕዝብ ጋር ሲነጋገር ውሎ ልቡ ከፈጣሪው ያልራቀ ሰውም አለ። እኛ የምንፈልገው የሁለተኛውን ሰው ምሥጢር ነው፤ ሁላችንም ሥራችንን ጥለን ገዳም አንገባምና።

ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት። በቀርሜሎስ ተራራ የፈጸመው ተግባር በእኛ የዕቅድ አነጋገር ቢመዘን ከመቶ በላይ ነው። የፈረሰውን መሠዊያ አደሰ፤ እሳት ከሰማይ ወረደለት፤ የበኣል ነቢያት አፈሩ፤ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው ሰማይም ዝናሙን ሰጠ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዲት ሴት በላከችው ዛቻ ደንግጦ ሸሸ፤ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ወደ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞትን ለመነ። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ተጽፏል። ኤልያስን ያደከመው ሽንፈት እንዳልሆነ ልብ በሉ። የደከመው ከድሉ ማግሥት ነው። የሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሥራ አስፈጽመው፣ ታቦቱን አስገብተው፣ በሳምንቱ ቤታቸውን ዘግተው የሚያዝኑ የኮሚቴ ሰብሳቢዎች አይታችሁ ከሆነ ነገሩ አይገርማችሁም።

እግዚአብሔር ለዚያ ለደከመ አገልጋይ አስቀድሞ የላከለት ትምህርት አልነበረም፤ ተግሣጽም አልነበረም። መልአኩ ይዞለት የመጣው በፍም ላይ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ የተቀዳ ውኃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ አሁንም በላ። ቃሉን የሰማው ከዚህ በኋላ፣ 40 ቀንና ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። እንግዲህ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ሌሊት በሰዓታትና በማኅሌት ቆሞ ያደረ፣ ቅዳሴ የቀደሰ፣ ክርስትና ያነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ለፍትሐት የተጠራ፣ ማታ ደግሞ በእናንተ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ካህን ቢያንጎላጅ፣ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት መቼ እንደ ተኛ ጠይቁት። ሥጋን መናቅና ሥጋን መግዛት አንድ አይደሉም።

በኮሬብ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኃይለኛ ነፋስ አለፈ፤ ምድር ተናወጠች፤ እሳት መጣ፤ እግዚአብሔር ግን ለነቢዩ የተናገረው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ በተሰማው ለስላሳ ድምፅ ነው። ብዙ ሰባክያን በዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ልጨምር። ኤልያስ ብቻውን እንደ ቀረ ያስብ ነበር፤ ለበኣል ያልሰገዱ 7 ሺህ ሰዎች እንዳሉ የተነገረው በዚያ አርምሞ ውስጥ ነው። ኤልሳዕን በፋንታው እንዲቀባም ታዘዘ። ሁካታ ሰውን ከሚጎዳበት መንገድ ዋናው፣ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን የተሸከመ እንዲመስለው ማድረጉ ነው። በአንዳንድ አጥቢያ አንዱ ሰው ሰብሳቢ፣ ሒሳብ ሹምና የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ዓመታት ሲያሳልፍ እናያለን። ለእግዚአብሔር ቤት ካለው ቅናት ነው ይባላል። ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ዝም ብሎ ቢቀመጥ በአጠገቡ ያሉት ኤልሳዖች ይታዩት ነበር።

ጸሎትና አገልግሎት የሚጣሉ የሚመስላቸው አሉ። ለእነርሱ መልስ የሚሆነን የእኛ የዲያቆናት አለቃ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በዕለት ዕርዳታ አሰጣጥ ላይ ቅሬታ ስለ ተነሣ ነው። የግሪክ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩ አይሁድ መበለቶቻቸው ተረስተውባቸዋል። ጉዳዩ ዛሬ በእኛ ጽሕፈት ቤት በየሳምንቱ የሚቀርበው አቤቱታ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለዚህ ሥራ ከተሾሙት ቀዳሚው እስጢፋኖስ ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሹመቱን ጥቅምት 17፣ ዕረፍቱንም ጥር 1 ታስባለች። ሰማይ ተከፍቶ የሰው ልጅን በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ ያየው ይህ እህል እንዲያድል የተሾመ ሰው ነው። መስፈርቱን ይዞ የሚቆም እጅ ሰማይን ከሚያይ ዐይን ጋር በአንድ ሰው ላይ ይገኛል ማለት ነው።

ቅዳሴውን ከምንቀድስባቸው አባቶች አንዱ የሆነው ቅዱስ ባስልዮስም እንዲሁ ነው። በጶንጦስ ወንዝ ዳር በብሕትውና የኖረ፣ ለመነኮሳት ሥርዓት የጻፈ አባት ነው። በቀጰዶቅያ ድርቅና ረኃብ በሆነ ጊዜ ግን ባለጠጎችን ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ገሥጾ ሕዝቡን መገበ፤ እ.ኤ.አ. ከ370 እስከ 379 በቆየው የጵጵስና ዘመኑም ከቂሣርያ ከተማ ውጪ ለእንግዶች፣ ለድኆችና ለሕሙማን፣ በተለይም ሁሉ ለሚሸሻቸው ለምጻሞች ማረፊያ ሠራ። የልማት ኮሚሽን ሠራተኞች አባታችን ብለን ልንጠራው ይገባናል። ያን ሁሉ የሠራው የብሕትውናውን ልብ ይዞ ወደ ከተማ በመግባቱ ነው።

ይህ ሁሉ በታላላቆች የሆነ ነው፤ እኛስ? የሚል ይኖራል። በአንድ የገጠር ደብር ምንጭ ጎልብቶ ቦኖ ሲተከል የሆነውን ልንገራችሁ። ቡድኑ የተጠቃሚዎችን ቁጥር ለመመዝገብ ይጣደፍ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑት ቄስ ግን ቅጹን አስቀምጠው ከአንዲት አሮጊት እናት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ዝምም አሉ። እናቲቱ ብዙ ከቆዩ በኋላ ተናገሩ፦ በእርሳቸው ወገን ያሉ ሴቶች ወደ ቦኖው የማይመጡት በክረምት የሚሞላውን ሸለቆ እንስራ ተሸክመው መሻገር ስለማይችሉ ነው። ሁለተኛው ቦኖ ከሸለቆው ማዶ ተተከለ። በመጠይቁ ላይ ስለ ሸለቆ የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። ቄሱን ይህን ትዕግሥት ከወዴት እንዳገኙት ጠይቄያቸው፣ «ልጄ፣ ዝም ማለትን የተማርሁት ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው» አሉኝ። ልቡ ያልተሰበሰበ አገልጋይ ሰውን አያይም፤ ተጠቃሚ ይቆጥራል እንጂ።

አሁን ወደ አፈጻጸሙ ልመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን ልብ ያላልነው ሀብት አለን፤ ሰዓታችን የወንጌል ሰዓት ነው። ወንጌሉ ጌታ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ ሲል የእኛም ግድግዳ ሰዓት በዚያው ጊዜ 9 ይላል። ሌላው ዓለም አስልቶ ይደርስበታል፤ እኛ ቀና ብለን እናየዋለን። ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት መካከል በቀን ሥራችን ውስጥ የሚወድቁትን ሦስቱን፣ 3 ሰዓትን፣ 6 ሰዓትንና 9 ሰዓትን የሰጠችን ሥራ እንድንፈታ አይደለም። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፤ እኛም ስብሰባ የምንጀምርበት ሰዓት ነው። በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቀለ፤ እኛ ለምሳ እንነሣለን። 9 ሰዓት ደግሞ ዐይን የሚከብድበት፣ ቁጣም የሚቀርብበት ሰዓት ነው። በእነዚህ ሰዓታት ከወንበር ተነሥቶ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አድርሶ ጥቂት ዝም ማለት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በመስክ ላይ ያለ ሰው ከመኪና ወርዶ በመንገድ ዳር ሊያደርገው ይችላል። ከዚህ በላይ ያለውን መጠን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይወስን፤ መዝሙረ ዳዊት በ15 ንጉሥ ተከፍሎ የተሰጠን ሰው እንደ ዐቅሙ እንዲይዘው ጭምር ይመስለኛል።

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ ተጨንቆ ምን ላድርግ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ፣ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ሲታታ አየ። መልአክ ነበረ። ሥራውን ትተህ ጸልይ አላለውም።

ሌላኛውንም ወገን ዝም ብዬ አላልፍም። ጸሎትን ምክንያት አድርጎ የወሰደውን ቅድሚያ ክፍያ ሳያወራርድ፣ ደረሰኝ ሳያቀርብ ወራት የሚያልፍ አለ። ይህ አርምሞ ሳይሆን መሸሸግ ነው።

ስለ ሰንበትም አንድ ነገር ልበል። ቤተ ክርስቲያናችን ቀዳሚት ሰንበትንና እሑድን አንድ ላይ የምታከብረው እንዲያው በቀላሉ አይደለም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በዚህ ክርክር ሰበብ ከአገር ወጥተው በአርመን ዐርፈዋል፤ ነገሩም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እልባት አገኘ። ስለ ዕረፍት ቀን ይህን ያህል ዋጋ የከፈሉ አባቶች ልጆች ሆነን ሁለቱንም ሰንበታት በስብሰባ እንሞላቸዋለን። ወንጌል ሲነበብ አጀንዳ ሊያስተካክሉ ከቅዳሴ የሚወጡ የኮሚቴ አባላት አሉ። ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ወደ ምሥራቅም እንዲመለከቱ ሲያውጅ፣ የሰበካው ጸሓፊ ደጀ ሰላም ሆኖ ፎቶ ኮፒ ይቆጥራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የቅጽረ ቤተ ክርስቲያናችን ነገር ነው። ጽዱ፣ ወይራውና ዋንዛው በአፀዱ ዙሪያ የቆዩት ለእንጨትነታቸው አይደለም። አገሩ ሁሉ ሲመነጠር ደን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተርፎ የቀረው ቦታው የአርምሞ ቦታ ስለሆነ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ፣ ከሥራ የተባረረ አባወራ ለማንም ሳይናገሩ ገብተው ከግንዱ ተደግፈው ያለቅሳሉ፤ ቀልሏቸውም ይወጣሉ። ይህን አገልግሎት በየትኛውም ሪፖርት ላይ አንጽፈውም። ዛሬ ግን በአንዳንድ ከተሞች ቅጥሩ እየተቆፈረ የኪራይ ሱቅ ይሠራበታል፤ በድምፅ ማጉያም ከጠዋት እስከ ማታ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ይነገራል። አጥቢያው ገቢ ያስፈልገዋል፤ የካህናት ደመወዝ ከሰማይ አይወርድም፤ ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሱቁ በመንገድ በኩል ይሠራ፤ ፊቱም ወደ ውጪ ይሁን። ዛፍ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል በዚያ ዛፍ ሥር ይቀመጥ። ማን መጥቶ እንደሚደገፍበት ይይ። ድምፅ ማጉያውም ቢያንስ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጸበል እስኪቀምስና ጸሎቱን እስኪያደርስ ይዘጋ።

በዚህ ሥልጠና መጨረሻ እያንዳንዱ አጥቢያ የሦስት ወር ዕቅድ ያዘጋጃል። በዕቅዱ ላይ ሦስት ነገሮች እንዲገቡ እለምናችኋለሁ፦ ካህናቱ በተራ የሚያርፉበት ቀን፣ ስብሰባ የማይጠራባቸው የሰንበት ሰዓታት፣ በቅጥሩም ውስጥ ማንም የማይነግድበትና የማይጮኽበት አንድ ሥፍራ። በጀት አይጠይቁም፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ አይቃወሟችሁም።

3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ሻዩ ቀርቧል፤ ይቆየን። ስልካችንን ዘግተን ወደ ምሥራቅ ዞረን እንቁም፤ ከአባቶች አንዱም ጸሎቱን ያስጀምሩልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።