የተከለለው ኮረብታ ለማን ይጠቅማል?

(በመቀሌ ከተማ፣ በሓድነት ክፍለ ከተማ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በምንሄድበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል። «ሰው ተርቦ ሳለ ስለ ቁጥቋጦ ማጥናትና ኮረብታ መከለል ምን ይረባል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቀጥታ ልንመልሰው እንወዳለን።

እንደምታውቁት በአካባቢያችን አብዛኛው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ተዳፋቱ ራቁቱን ከሆነ ያ ሁሉ ውኃ አፈሩን ይዞ በጊባ ወንዝ በኩል ወደ ተከዜ ይወርዳል። ለገበሬው የሚቀረው ድንጋይ ነው። አፈሩ የሄደበት ገበሬ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እርዳታ ከሚጠብቁት መካከል ይቆማል። እንግዲህ የአፈሩ ነገርና የረሃቡ ነገር አንድ ነው።

የትግራይ ገበሬ ይህን ተረድቶ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ያለ ክፍያ በጉልበቱ እርከን ሲሠራ ኖሯል። ድካሙም በከንቱ አልቀረም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂግ ተመራማሪዎች በደጉዓ ተምቤን ማሳዎች ላይ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት መሠረት የድንጋይ እርከን በውኃ የሚታጠበውን አፈር በአማካይ 68 በመቶ ይቀንሳል። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ሰዎች ያነሷቸው የትግራይ ፎቶግራፎች አሉ። ተመራማሪዎች ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ እዚያው ቦታ ቆመው እንደገና ባነሱ ጊዜ፣ በብዙ ስፍራ ዛፉና ቁጥቋጦው ከድሮው በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ «ይህ አገር አንዴ ጠፍቷል፤ አይመለስም» የሚለውን አባባል አንቀበልም።

አሁን ወደ ቁጥቋጦው እንምጣ። አንድ ኮረብታ ከከብትና ከመጥረቢያ ሲከለል በመጀመሪያ ሣሩ ይመለሳል፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «እሾህና ደደሆ ብቻ በቀለ፤ ይመንጠርና ዛፍ እንትከል» ይላል። በተምቤን የተደረገው ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ወፎች የወይራ ፍሬ በልተው በቁጥቋጦው ላይ ያርፋሉ፤ ዘሩም ከሥሩ ይወድቃል። በትግርኛ ኩልዖ የምንለው ደደሆ ለችግኙ ጥላ ይሆነዋል፤ ከፍየልም ይሸሽገዋል። ወይራው በሜዳ ላይ ከሚወድቀው ይልቅ በቁጥቋጦ ሥር በሚወድቀው ዘር ይጸድቃል። «የማይረባ» የተባለውን የመነጠረ ሰው ወይራውንም አብሮ መንጥሯል ማለት ነው።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ አንድ ቦታ ከመከለሉ በፊት ዕፅዋቱን መዝግቡ። የምትመዘግቡትም ስሙን ብቻ ሳይሆን ጥቅሙንም ይሁን። እናቶችን ጠይቁ፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ የሚያጥኑት እነርሱ ናቸውና። ንብ አናቢውን ጠይቁ፤ የትግራይ ነጭ ማር በአብዛኛው የሚገኘው ተበብ ከምትባለው ቁጥቋጦ አበባ መሆኑን ይነግራችኋል። ገበሬውን ጠይቁ፤ ሞሞና በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ሰብሉን ከጥላ እንደሚያድን፣ በበጋ ደግሞ ለምልሞ ከብት እንደሚመግብ ያውቃል። ሳይንስም ሥሩ ናይትሮጅን ለአፈሩ እንደሚጨምር አረጋግጧል። ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚነግሯችሁን ግን በፈቃዳቸው ብቻ ጻፉ፤ ዕውቀቱ የእነርሱ ሀብት ነው።

ከመቀሌ በስተ ሰሜን፣ በውቅሮ አጠገብ የሚገኘው የአብርሃ ወ አጽብሃ መንደር ለዚህ ሁሉ ምስክር ነው። ሕዝቡ ተዳፋቱን ከለለ፤ እርከንና ክትር ሠራ፤ ሞሞናንም አሳደገ። ውኃው ወደ መሬት ስለ ሰረገ በእጅ በተቆፈሩ ጉድጓዶች አትክልትና ፍራፍሬ ለማልማት በቃ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ሰጠው።

ሆኖም አንድ ነገር መሸሸግ አይገባንም። ኮረብታ ሲከለል የሚከፍሉ አሉ። ፍየሎቿን የምታሰማራበት ያጣች መበለት፣ እንጨት ለቅሞ በመሸጥ የሚያድር ወጣት ከሁሉ በፊት ይጎዳሉ። መከለሉ ለእነርሱ የሚሰጠው ጥቅም ከሌለ አጥሩን ሌሊት የሚጥሱት እነርሱ ናቸው፤ ልንፈርድባቸውም አንችልም። ስለዚህ ሣሩ እየታጨደ ለድሆች አስቀድሞ ይከፈል፤ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ቀፎ ይስቀሉበት፤ ጥበቃውም ከእነርሱ መካከል ይመረጥ። ሰነድ ላይ የሚሰፍረው የሄክታር ብዛት ይህን አይተካም።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ የሆነውንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። መብራት ጠፋ፤ ከተማው በተፈናቃይ ሞላ፤ ምግብ የሚበስለው በእንጨትና በከሰል ብቻ ሆነ። ለብዙ ዓመታት የተጠበቁ ዛፎች ተቆረጡ። ልጆቹን ለማብላት የቆረጠውን ማንም አይወቅስም። ነገር ግን ጉቶው ሥሩ አልሞተም። ወይራም ሆነ ብዙዎቹ ቁጥቋጦዎች ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ፤ ከብት ካልነካቸው እንደገና ይነሣሉ። ዛሬ ከአዲስ ችግኝ ተከላ የሚቀድመው ሥራ ያቆጠቆጠውን መጠበቅ ነው። ወጪውም አነስተኛ ነው።

ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእህል የምትሰጡትን ሳትቀንሱ ለጥበቃውና ለቀፎው ጥቂት ጨምሩ። ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ በሚቆጥብ ምድጃ ተጠቀሙ፤ ከከተማ ኩሽና የሚተርፈው እንጨት በኮረብታው ላይ ይቆያልና። ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎቻችሁ የሚያውቁትን የዕፅዋት ስምና ጥቅም ልጆቻችሁ ይጻፉት።

የሰው የመጀመሪያ ሥራ ምድርን ማልማትና መጠበቅ እንደሆነ በኦሪት ዘፍጥረት ተምረናል። ሓድነት ማለት ደግሞ አንድነት ማለት ነው። ዘጠና ዘጠኝ ቤት የጠበቀውን ኮረብታ የአንድ ቤት ፍየሎች ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ያ አንድ ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የደኸየው ነው። ስለዚህ ከእርሱ እንጀምር።