በቃል የሚታዘዝ የቀዶ ሕክምና ረዳት



ዛሬ ጥቂት ቃል የምንናገረው፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የሐኪሙን ድምፅ ሰምቶ ስለሚታዘዝ መሣሪያ ነው።

ሐኪም እጁን ታጥቦ ንጹሕ ጓንት ካጠለቀ በኋላ፤ ከተዋሲያን ያልጸዳ ዕቃ መንካት አይገባውም። ሁለቱም እጆቹ በሥራ የተያዙ ናቸው። ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፤ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተው በሚያደርጉት ሕክምና ደግሞ ካሜራውን የሚይዝለት ረዳት ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ የሰው ክንድ ሲቆይ ይዝላል፤ ሲዝልም ይንቀጠቀጣል። ይህም መንቀጥቀጥ በመስኮተ ትርኢቱ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ የሐኪሙን ዓይን ያውካል።

ይህን ችግር ለማቃለል ኮምፒውተር ሞሽን የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ኤሶፕ የሚባል ካሜራ ያዥ ሰው ሠራሽ ክንድ አዘጋጀ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ1994 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ እንዲውል ፈቀደ። ክንዱ በመጀመሪያ በእግር መርገጫ ይታዘዝ ነበር፤ በ1996 ግን በቃል እንዲታዘዝ ተደረገ። ኩባንያው በ2003 ኢንቱዩቲቭ ሰርጂካል ከተባለው ተወዳዳሪው ጋር ተቀላቀለ፤ ኤሶፕም ከገበያ ወጣ። ይሁን እንጂ ያስተማረው ትምህርት አላለፈበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሐኪሙ ትእዛዞቹን አስቀድሞ በገዛ ድምፁ ያስቀርጻል። በሥራ ጊዜም መጀመሪያ መሣሪያውን በስሙ ይጠራዋል፤ ቀጥሎ «ወደ ግራ»፤ «ወደ ላይ»፤ «ቁም» ይለዋል።

ስሙን አስቀድሞ መጥራት ለምን አስፈለገ? በዚያ ክፍል ሐኪሙ ከነርሶችና ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ይነጋገራል። ለሰው የተነገረው ቃል ለመሣሪያው ትእዛዝ ሆኖ ቢገኝ፤ ሐኪሙ በጭንቅ ሰዓት የሚያየውን ሥፍራ ያጣል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የተባለው በዚያ ክፍል እውነት ነው። ስለዚህ ትእዛዞቹ ጥቂትና አጭር ሆኑ፤ ክንዱም ካሜራውን ብቻ እንጂ ምላጩን እንዲይዝ አልተደረገም።

አድማጮቻችን ሆይ፤ መሣሪያው ድምፅን ይለያል እንጂ የሕመምተኛውን ሁኔታ አያመዛዝንም። ታዛዡ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፤ ኃላፊነቱ የአዛዡ ነው። ማን እንደታዘዘ፤ ምን እንደታዘዘና መቼ ማቆም እንደሚገባ ለይቶ መናገር፤ በሐኪሙም ዘንድ ሆነ በጽሕፈት ቤት ለተቀመጠ አዛዥ የሥራ መጀመሪያ ነው።