የሐኪሙ ትምህርትና የምንጩ ውኃ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ሕክምና ትምህርት መናገር ወሰን ማለፍ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ከሚመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ የተቅማጥ፣ የአንጀት ትላትልና የታይፎይድ በሽተኞች ናቸው፤ እነዚህም ደዌዎች የሚመጡት ከውኃና ከመጸዳጃ ጉድለት ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ ያሰናበተው ሕፃን በማግሥቱ ከዚያው ከታመመበት ምንጭ ይጠጣል። ስለሆነም ሐኪም በዩኒቨርሲቲ ምን ይማራል፣ ከማንስ ጋር ይማራል የሚለው ጥያቄ መሐንዲሱንም በቀጥታ ይመለከተዋል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው በጥቁሩ አፈር ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ የወባ ትንኝ በዚያ ይራባል፣ በሽታውም ገበሬውን አዝመራው ሳይሰበሰብ ይጥለዋል። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተውም ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1964 ነው። መንግሥት ሐኪሞች እስኪበዙ መጠበቅ እንደማይቻል ተረድቶ፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ።

የጎንደሩ ኮሌጅ ዋና ቁም ነገር ሦስት ሙያዎችን በአንድ ግቢ አስተምሮ በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ማሰማራቱ ነው። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያውን የሚመራውና ሕሙማንን የሚያክመው ጤና መኰንን ነው። ሁለተኛዋ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን የምትከታተለው የኮሙኒቲ ነርስ ናት። ሦስተኛው፣ ለዚህ ጉባኤ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ ምንጭ የሚያጎለብተው፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍረውና መጸዳጃ የሚያሠራው ሳኒተሪያን ነው። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት እንደ ቆላ ድባ ወዳሉት ጤና ጣቢያዎች በቡድን ይላኩ ነበር። ጤና መኰንን የሚሆነው ወጣት፣ ያከመው ተቅማጥ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ከሳኒተሪያኑ ጋር ወደ ወንዝ መውረድ ነበረበት።

የዚህ ሥራ ዝርዝር ለመሐንዲስ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ምንጭ ማጎልበት ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የምንጩ ዓይን እስኪገኝ ድረስ አፈሩ ይጠረጋል። ከዚያም ዓይኑ በታጠበ ድንጋይና በጠጠር ይከበባል፤ በላዩ በሲሚንቶ የተያያዘ የግንብ ሣጥን ይሠራና ይከደናል። ከበላዩ የዝናብ ጎርፍን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያውም ከብት እንዳይገባ ይታጠራል። ቧንቧው እንስራ ከሥሩ ለማስቀመጥ የሚያስችል ከፍታ ሊኖረው ይገባል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቧንቧው ዝቅ ካለ ውኃ ቀጂዋ እንስራውን የምታስገባበት ጉድጓድ በእጇ ትጭራለች፣ ጉድጓዱም ጭቃ ይይዛል፣ ሲሚንቶው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ሳይጠይቅ የቧንቧን ከፍታ የሚወስን መሐንዲስ፣ በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት ከሚያዝ ሐኪም በምን ይለያል?

እርግጥ ነው፣ የጎንደሩ ኮሌጅ ሁሉን አላዳነም። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋ ጠርዞች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ የተስፋፋው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይዞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። በዚህ ብዛት ፊት ጥቂት ጤና ጣቢያዎች ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ከዚህም ሌላ ጤና መኰንኖቹ ቅሬታ ነበራቸው፤ የሐኪም ሥራ እየሠሩ የሐኪም ማዕረግና ደመወዝ አያገኙም ነበርና፣ ብዙዎቹ ወደ ሕክምና ፋኩልቲ ገብተው ሐኪም ሆኑ። በዚህ ሊነቀፉ አይገባም። የዕድገት መሰላል የሌለውን ሙያ ጎበዝ ሰው ትቶት ቢሄድ የሚያስደንቅ አይደለም።

በ1970ዎቹ የጤና መኰንን ሥልጠና ቆመ፤ ጎንደርም በ1978 ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማስተማር ጀመረ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ስለ ነበር ውሳኔው ትክክል ነበር። ይሁንና ሐኪሙ ሲገባ የትምህርቱ ማዕከል ከመንደሩ ወደ ሆስፒታሉ አልጋ መዞሩ አልቀረም። የጤና መኰንን ሥልጠና በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተጀምሯል። የሳኒተሪያኑም ሙያ የአካባቢ ጤና በሚል ስም እስከ ዲግሪ ደርሷል፤ ነገር ግን በወላጆችም ሆነ በተማሪዎች ዓይን ከሕክምና በታች የሚቆጠር፣ ነጥብ ያልሞላለት የሚገባበት ክፍል ሆኖ ይታያል። ይህ የአመለካከት ጉድለት ከበጀት ጉድለት የማይተናነስ ጉዳት አድርሷል።

የቀድሞው ሳኒተሪያን ሥራ ታዲያ ዛሬ በማን ጫንቃ ላይ አለ? በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነደፍ ከ16ቱ ፓኬጆች 7ቱ የግልና የአካባቢ ንጽሕናን የሚመለከቱ ነበሩ። እነዚህን በየቀበሌው እንዲያስፈጽሙ የተመደቡት 1 ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው። ጉድጓድ ቆፍሩ ብለው ያስተምራሉ፣ ብዙ መንደርም አስቆፍረዋል። ነገር ግን አፈሩ ሲናድ፣ ድንጋይ ሲያጋጥም ወይም የከርሰ ምድሩ ውኃ ቅርብ ሲሆን የሚማከሩት መሐንዲስ በአጠገባቸው የለም።

የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም በ1983 ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መመሪያው አድርጎ ተነሣ፤ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ይህንኑ መመሪያ ይዞ ቀጥሏል። የጤና ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ ቀበሌዎች ወርደው ቤት ይቆጥራሉ፣ ውኃና መጸዳጃ ይመረምራሉ፣ ችግሮችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። ጎንደርም የቡድን ሥልጠናውን አልተወም። የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምንጩ ተበክሏል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ውጤት ያገኛል፤ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ቡድን ያንኑ ምንጭ እንደገና ተበክሎ ያገኘዋል። የመንደሩም ሰው በየዓመቱ ተጠይቆ ምላሽ ማጣቱን ያስታውሳል።

ስለዚህ ለማኅበሩ የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የጤና ተማሪዎች ቡድን ወደ ገጠር በሚወጣበት ጊዜ በመመረቂያ ዓመቱ ላይ ያለ አንድ የምሕንድስና ተማሪ አብሮ ይውጣ። የመመረቂያ ሥራውም ቡድኑ ያገኘውን ምንጭ ወይም ጉድጓድ ሠርቶ ማስረከብ ይሁን። በየአካባቢው የሚገኙ የማኅበሩ አባላት ንድፉን አይተው ያርሙለት። የሚያስፈልገው ሲሚንቶና ቧንቧ ለአንድ ምንጭ ብዙ አይደለም፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን መንደሩ አይነፍግም። ተማሪዎቹ በተመረቁ በ1 ዓመቱ ከሚቀጥለው ቡድን አንዱ ወደ ስፍራው ሄዶ ሦስት ነገሮችን ይመልከት፦ ቧንቧው ይፈስሳል ወይ፣ አጥሩ ቆሟል ወይ፣ በዚያ መንደር በተቅማጥ ወደ ጤና ጣቢያ የመጡት ሕፃናት ቁጥርስ ከአምናው እንዴት ነው?