የሚንቀሳቀስን ዕጢ በቅንጣት ጨረር ማከም



ሰው ጸጥ ብሎ ተኝቶም ሳለ ይተነፍሳል። በተነፈሰም ቁጥር ድያፍራሙ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ከእርሱም ጋር ሳምባው፣ ጉበቱና ቆሽቱ ይንቀሳቀሳሉ። በታችኛው የሳምባ ክፍል የበቀለ የነቀርሳ ዕጢ በአንድ ትንፋሽ፣ ይኸውም በአራት ወይም በአምስት ሴኮንድ ውስጥ፣ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ሊመላለስ ይችላል። ጨረር ለሚሰጠው ሐኪም ይህች ጥቂት ርቀት ከባድ ጥያቄ ናት።

ጥያቄውን ይበልጥ ያከበደው የመሣሪያው መሻሻል ራሱ ነው። የተለመደው የራጅ ጨረር ሰውነትን ዘልቆ በሌላው ወገን ሲወጣ በመንገዱ ያለውን ጤናማ ሥጋ ሁሉ ይነካል። ፕሮቶንና የካርቦን አዮን ግን በተሰጣቸው ጉልበት ልክ ተጉዘው ይቆማሉ፤ ኃይላቸውም እጅግ የሚበረታው ሊቆሙ ሲቃረቡ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዊልሰን ይህ ጠባይ ለሕክምና እንደሚበጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1954 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ፣ የፕሮቶን ሕክምና በሰው ላይ ተጀመረ።

እንግዲህ የሚቆምበት ስፍራ አስቀድሞ የተወሰነ ጨረር፣ ዒላማው ሲሸሽበት ምን ይሆናል? ሳምባ አየር የሞላበት ስለሆነ ጥግግቱ የሌላው ሥጋ ሢሶ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳንቲሜትር ዕጢ ውስጥ ሊቆም ይገባው የነበረ ጨረር፣ ዕጢው ከመንገዱ ገለል ካለ፣ በሳምባው ውስጥ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ይዘልቃል። ከበስተኋላ ልብ ወይም ኅብለ ሰረሰር ቢኖር ፈውስ የታሰበው ጉዳት ይሆናል፤ ዕጢውም ድርሻውን ሳያገኝ ይቀራል። ጨረሩ እንደ ብዕር ቀጥኖ ዕጢውን ነጥብ በነጥብ በሚሞላበት ዘዴ ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል። ብዕሩም ወረቀቱም በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ጽሕፈት እንደሚበላሽ፣ የዕጢው አንዱ ክፍል ከመጠን በላይ ሲደርሰው ለሌላው ይጎድልበታል።

በጃፓን አገር፣ በቺባ ከተማ፣ የተሠራው ሥራ ለመፍትሔው ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ የነበረው ብሔራዊ የጨረር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሂማክ በተባለው ማፋጠኛ መሣሪያ በ1994 ሕሙማንን በካርቦን አዮን ማከም ጀመረ። በ1996 ደግሞ ጨረሩን ከትንፋሽ ጋር የሚያስማማ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ታማሚው እንደ ልማዱ ይተነፍሳል፤ የሰውነቱን ከፍና ዝቅ ማለት የሚከታተል መሣሪያ ትንፋሹ ወጥቶ ለአፍታ የሚረጋበትን ጊዜ ያመለክታል። ጨረሩ በዚያች አፍታ ይለቀቃል፤ አየር መሳብ ሲጀምር ይቋረጣል።

ይሁን እንጂ የደረት ቆዳ ሁልጊዜ የዕጢውን እውነተኛ ስፍራ አይናገርም። ስለሆነም የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በዕጢው አጠገብ ከሁለት ሚሊሜትር የማትበልጥ የወርቅ ፍሬ ተክለው፣ ፍሬዋ በታሰበላት ስፍራ ስትገኝ ብቻ ጨረር የሚለቁበትን ዘዴ አበጁ። ዘዴው መጀመሪያ ለራጅ ጨረር፣ ኋላም ለፕሮቶን ዋለ። በሌሎች ዘንድ ደግሞ መጠኑን ከፋፍሎ ያንኑ ስፍራ ደጋግሞ መቀባት ጉድለቱንና ትርፉን ያቀራርባል።

እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። አፍታዋን መጠበቅ የሕክምናውን ሰዓት ያስረዝማል። ዙሪያውን አስፍቶ ማከም ቀላል ቢመስልም የሚከፈለው በጤናማ ሳምባ ነው። በዕቅዱ ቀን የተለካው ትንፋሽም በሕክምናው ቀን ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ልኬቱ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቅንጣት ማፋጠኛ ላላቸው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ጨረር በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ትክክለኛነት የሚጀምረው የታማሚውን ትንፋሽ በጥሞና ከመመልከት ነው። ጨረሩ በተሳለ መጠን የተመልካቹም ጥንቃቄ አብሮ መሳል ይኖርበታል።