አማካዩ ቁጥር የሸፈነው
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ፆም እንነጋገራለን። ከጀመዓችን አንድ አባት ለብዙ ዓመታት ከዚህ ሕመም ጋር ኖረዋል። ከረመዷን በፊት የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ አድርገው ውጤቱ 7 ከመቶ ሆነ። «ደህና ነኝ» ብለው ሐኪም ሳያማክሩ ፆሙን ጀመሩ። ዐስር ላይ ላብ ሲያሰምጣቸውና እጃቸው ሲንቀጠቀጥ «የፆም ድካም ነው» ይሉ ነበር።

ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መከታተያ ላከላቸው። ያኔ ነገሩ ተገለጠ። ስኳራቸው ከዐስር በኋላ እስከ 60 ይወርዳል፤ ከኢፍጣር በኋላ ደግሞ እስከ 280 ይወጣል። ምርመራው አልዋሸም፤ የነገረን ግን አማካዩን ብቻ ነው። ክረምቱ ጎርፍ፣ በልጉ ድርቅ የሆነበትን ገበሬ «የዓመቱ ዝናብ ሲካፈል ደህና ነበር» ብንለው ምን ይጠቅመዋል?

ይህ መሣሪያ ከቆዳ ሥር በምትገባ ቀጭን ክር በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር በየጥቂት ደቂቃው ይለካል። አብዛኞቹ ዓይነቶች ከ10 እስከ 15 ቀን ያገለግላሉ። ከደም ልኬት በጥቂት ደቂቃ ስለሚዘገይ፣ ስሜታችንና ቁጥሩ ካልተስማሙ ጣት ወግቶ ማረጋገጥ ይገባል።

በ2019 የዘርፉ ባለሙያዎች በተስማሙበት መሠረት፣ ለአብዛኞቹ ሕሙማን ስኳሩ ከቀኑ ከ70 ከመቶ በላይ፣ ማለትም 17 ሰዓት ያህል፣ ከ70 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር መካከል ቢሆን መልካም ነው። ከ70 በታች የሚሆንበት ጊዜ ከ4 ከመቶ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት ገደማ፣ ማነስ አለበት። ለደካማ አረጋውያን የሚፈለገው ከ50 ከመቶ በላይ ነው፤ ዝቅታው ግን ከ1 ከመቶ በታች መሆን ይኖርበታል። ለእነርሱ ዝቅታው የበለጠ አስጊ ነውና።

«ጣት መውጋት ፆም ያበላሻል?» የሚሉን ብዙዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ለምርመራ ደም መስጠት ፆምን እንደማያፈርስ ወስኗል። መከታተያውም ምግብም መጠጥም ወደ ሰውነት አያስገባም።

ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ፆሙን ማቋረጥ ያስፈልጋል። ያ አባት ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። «በዕድሜዬ ፆም አፍርሼ አላውቅም» አሉን። እኛም «አባባ፣ ያዘዘዎ አላህ ነው፤ ለታመመ የፈቀደውም እርሱው ነው» አልናቸው። የአል-በቀራ ምዕራፍ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች የታመመ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲተካ ይፈቅዳሉ። የመዳን ተስፋ የሌለው ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ቀን ምስኪን ያበላል። ገላችን አማና ነው፤ ሩኽሷን መቀበልም ዒባዳ ነው።

ሐኪማቸው የመድኃኒታቸውን መጠንና ሰዓት አስተካከሉ። ኢፍጣር ላይ ጣፋጭ ጁሱንና ሳምቡሳውን ቀነሱ። ያቋረጧቸውን ቀናት ከጊዜ በኋላ በሐኪም ፈቃድ ቀዷ አወጡ።

መሣሪያው ውድ ነው፤ በአገራችንም እንደ ልብ አይገኝም። የሌለው ሰው በሱሑር፣ ረፋድ ላይ፣ በዙህር፣ በዐስር፣ ከመግሪብ በፊትና ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት በኋላ ጣቱን ወግቶ ይለካ፤ የሕመም ስሜት በመጣ ጊዜ ሁሉ ደግሞ ሳይዘገይ ይለካ። ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞም ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒት በራስ ፈቃድ መቀነስም መተውም አደጋ ነው።

ልጆች ሆይ! እናት አባታችሁ ዐስር ላይ ዝም ካሉ «ፆም ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ለኩላቸው። አቅም ያላችሁም ለጎረቤታችሁ የመለኪያ ወረቀት ብትገዙለት ትልቅ ሶደቃ ነው።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን። አሚን!