የብስኩት ዘንግና ዳቦ ቆሎ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተሰማ ንግግር)



 ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ሕክምናና ስለ ምሕንድስና አስረድተዋል። የእኛ ርእስ ግን ከወጥ ቤት አይወጣም። ስለ ቸኮሌት የተቀባ የብስኩት ዘንግ እንናገራለን። ነገሩ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት እንለምናለን፤ ይህ ትንሽ ነገር እዚህ ከተቀመጡት ጓደኞቻችን ገንዘብ ጥቂቱን አጥፍቶብናልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዛሬው ቀን የሚሸጥ ነገር ተዘጋጅቶ፥ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ታናናሾቻችን ደብተር እንዲገዛ ክፍላችን ወሰነ። 14 ተማሪዎች እያንዳንዳችን 150 ብር አዋጥተን 2,100 ብር ሆነ። ሥራውም ለእኛ ለሰባታችን ተሰጠ። ከመካከላችን አንዱ፥ ከጃፓን የመጣ ዘመዱ አንድ ካርቶን የዚህ ዓይነት ብስኩት ሰጥቶት፥ ለሁላችን አንዳንድ ዘንግ አድሎን ነበር። እኛም፥ «ይህን ብንሠራ ማን ይቀድመናል?» አልን።

ይህ ብስኩት በሀገሩ ፖኪ ይባላል። የሚሠራው በኦሳካ ከተማ ያለው ኤዛኪ ግሊኮ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፥ ለገበያ የወጣው በፈረንጆች 1966 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ድሉን በቶኪዮ ከተቀዳጀ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስሙ የተወሰደው ዘንጉ ሲሰበር ከሚሰማው ድምፅ ነው፤ እኛ «ቀጭ አለ» እንደምንለው፥ ጃፓናውያን «ፖኪን» ይላሉ። ኩባንያው ቀደም ሲል ቸኮሌት የሌለው ዘንግ ይሠራ ነበር። በቸኮሌት መቀባቱ ሲታሰብ ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ዘንጉ እስከ ጫፉ ቢቀባ፥ የሚበላው ሰው በየት በኩል ይያዘው? ስለዚህ አንዱን ጫፍ ሳይቀቡ ተዉት።

እስቲ ይህን እናስተውል። የካካዎ ዛፍ የበቀለው በአሜሪካ ሞቃት አገሮች ነው፤ ዛሬም ፍሬው በብዛት የሚመጣው ከምዕራብ አፍሪካ፥ ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። የቸኮሌትንና የብስኩትን ሙያ ጃፓናውያን የተማሩት ከምዕራባውያን ነው። የራሳቸው አሳብ የሆነው ግን ያ ሳይቀባ የቀረ ጫፍ ነው፤ ስለሚበላው ሰው እጅ አስበዋልና።

ከአባቶቻችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሌሎች ምሁራንም ኢትዮጵያ የጃፓንን መንገድ እንድትመለከት ይመክሩ ነበር። እኛ ሰባታችን ግን እንደ እነርሱ ሳንመረምር፥ ካርቶኑን አይተን ወደ ሥራ ሮጥን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ላፍቶ በሚገኘው በአንዱ ጓደኛችን ቤት ተሰበሰብን። እያንዳንዳቸው 200 ግራም የሚመዝኑ ሦስት የቸኮሌት ጥፍጥፎች በ450 ብር ሒሳብ ገዝተን ነበር። በቀረው ገንዘብ ዱቄት፥ ቅቤ፥ ስኳርና ወተት ገዛን። ሊጡን ጠፍጥፈን በቢላዋ ሸነሸንነው። አንዱ እንደ ጣት ወፈረ፥ ሌላው እንደ ስንደዶ ቀጠነ። በምድጃው ውስጥ ቀጭኑ ሲከስል፥ የወፍራሙ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ቀረ።

ይባስ ብሎ ሁለቱን ጥፍጥፎች በሳሕን አድርገን በሚፍለቀለቅ ውሃ ላይ አስቀመጥን፤ ቶሎ ይቅለጥ ብለንም ከደንነው። ከክዳኑ የተንጠባጠበው የእንፋሎት ላብ ቸኮሌቱ ውስጥ ገባ። ወዲያው ጓጎለና እንደ ጭቃ ሆነ። ይቀጥንልን ብለን አንድ ማንኪያ ውሃ ብንጨምርበት ጭራሽ ጠነከረ። ምክንያቱን የተረዳነው ኋላ ነው፤ ቸኮሌት ማለት በካካዎ ቅቤ ውስጥ የተበተነ የደቀቀ ካካዎና ስኳር ነው። ጥቂት ውሃ ሲያገኘው ስኳሩ ይረጥብና እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ከዚህ የሚከተለውን ስንናገር እናፍራለን። ለክፍላችን፥ «የቸኮሌት ዋጋ ስለ ጨመረ ያገኘነው አንድ ጥፍጥፍ ብቻ ነው» ብለን ልንናገር ተማከርን። ከሰባታችን አንድም «አይሆንም» ያለ አልነበረም።

የጓደኛችን እናት በጓዳ ሆነው ይሰሙን ኖሮ ወደ እኛ ወጡ። አልተቆጡንም። «ስንት ብር ጠፋ?» ብለው ብቻ ጠየቁን።

«ዘጠኝ መቶ ብር፥ እትዬ» አልን።

«እንግዲያው ዘጠኝ መቶ ብር ጠፋ በሉ። የተነገረ ዕዳ ይከፈላል፤ የተደበቀ ግን ተከፍሎ አያልቅም» አሉን።

ቀጥለውም ለናሙና ያስቀመጥናትን አንዲት የጃፓን ዘንግ አንሥተው አገላብጠው ተመለከቱና፥ «ልጆቼ፥ ይኸ እኮ ሳይቆረጥ የቀረ ዳቦ ቆሎ ነው» አሉ።

በመጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን ዝም አልን። ከመካከላችን በልጅነቱ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ የዳቦ ቆሎ ሊጥ ያላድቦለቦለ ማን አለ? እጃችን የሚያውቀውን ሥራ፥ በባዕድ ካርቶን ተጠቅልሎ ስለ መጣ ብቻ የማናውቀው መሰለን።

ሰኞ ዕለት በክፍላችን ፊት ቆመን የሆነውን ሁሉ ተናገርን። የተቆጣን ጓደኛ ነበር፤ ደግሞም እውነት ነበረው። በመጨረሻ ክፍሉ 900 ብሩን ሰባታችን ከኪሳችን እንድንተካና በቀረው 200 ግራም እንደገና እንድንሞክር ፈረደ። የጓጎለውም አልተጣለም። ጥቂት ፈሳሽ ያጠነከረውን ብዙ ፈሳሽ ይፈታዋልና፥ ትኩስ ወተት ጨምረንበት ሁላችንም ጠጣነው።

አሁን በቤቱ ለሚሞክር ሰው የተማርነውን እንንገር።

ለሊጡ 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፥ 60 ግራም ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ፥ 50 ግራም ስኳር፥ ቁንጥር ጨውና 5 ወይም 6 የሾርባ ማንኪያ ወተት ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር ከሩብ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሊጡን አብዝቶ ይነፋዋል። ሊጡ ታሽቶ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ 30 ደቂቃ ይረፍ። ያላረፈ ሊጥ ሲስቡት ተመልሶ ይኮማተራል። ከዚያ በሁለት መዳፍ ከመካከሉ ወደ ዳርና ዳር እያድቦለቦሉ፥ ከእርሳስ እስኪቀጥን ድረስ ማርዘም ነው። ለዳቦ ቆሎ በዚህ ጊዜ ቢላዋ ይነሣ ነበር፤ እዚህ ግን በ13 ሳንቲሜትር ርዝመት ብቻ ይቆረጣል። ምድጃው 170 ዲግሪ ሲሆን 15 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ከዚያም ፈጽሞ ይቀዝቅዝ።

ለቸኮሌቱ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በከተማችን ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ለቸኮሌት እጅግ ይበዛበታል። ጥቁር ቸኮሌት ለመቅለጥ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ይበቃዋል። ስለዚህ ውሃው ከፈላ በኋላ ከእሳት ይውጣ፥ ሳሕኑ ደረቅ ይሁን፥ ክዳን አይደረግበት። ቸኮሌቱ ተከትክቶ ሁለት ሦስተኛው ይቅለጥ። አንድ ሦስተኛው ከሙቀቱ ላይ ከወረደ በኋላ ይጨመርና 31 ወይም 32 ዲግሪ እስኪሆን ይማሰል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጠብታ ከከንፈሩ በታች ቢያደርግ ጥቂት ቀዝቀዝ ሲለው ደርሷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ቢባል፥ የካካዎ ቅቤ ሲረጋ በስድስት ዓይነት አሰላለፍ ሊረጋ ይችላል፤ ማብረቅረቅንና «ቀጭ» ማለትን የሚሰጠው አምስተኛው ነው። ኋላ የተጨመረው ያልቀለጠ ቁራጭ ያን አሰላለፍ ይዞ ስለሚገባ፥ የቀለጠው እርሱን ተከትሎ ይሰለፋል። ይህ ካልተደረገ ቸኮሌቱ ነጫጭ መስመር ያወጣል፥ በእጅም ይቀልጣል። ቸኮሌቱ በረጅም ብርጭቆ ተገልብጦ ዘንጉ ይነከራል፤ ሩቡ ሳይቀባ ይቀራል። እኛ ባዶውን ጫፍ፥ ታጥቦ የደረቀ ስንዴ በሞላበት ጣሳ ውስጥ ሰክተን እስኪረጋ አቆምነው።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። የንፋስ ስልክ ትርጉሙ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚደርስ መልእክት እንደ ማለት ነው። ዛሬ የቶኪዮም የኦሳካም ወሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ ሳይውል ሳያድር ይደርሰናል። ነገር ግን ነፋስ ወሬውን እንጂ ሙያውን አያመጣም። ሙያው ቀድሞ በቤታችን በነበረው ላይ ይቀጠላል። ጃፓናዊው ከነበረው ዘንግ ጀመረ፤ እኛም ከዳቦ ቆሎ መጀመር ነበረብን። ከዳቦ ቆሎ ጀምረን ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ጥፍጥፎች ባልጠፉ ነበር እንላለን።

ከዚህ ጉባኤ በኋላ በግቢው ዛፍ ሥር በተዘረጋው ጠረጴዛ ላይ 64 ሙሉና 11 የተሰበሩ ዘንጎች ይገኛሉ። የተሰበረው በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። በአጠገቡም በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ቆሎ አለ፤ ያን ያዘጋጁት የጓደኛችን እናት ናቸው፥ ዋጋውንም ሙሉ በሙሉ ለደብተሩ ሰጥተዋል። ከ900 ብሩ 400 ከፍለናል፤ 500ው ከፈተናችን በፊት ይከፈላል። ይህን በሕዝብ ፊት የምንናገረው እንዳንረሳው ብለን ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር። ዘንጉንም ስትገዙ እጃችሁ እንዳይቆሽሽ ባልተቀባው በኩል ያዙት።