ሽቦህን ሳታላላ፣ ሳታጠብቅ

ይህ ትምህርት መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። አሁን በጽሑፍ የወጣው ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ እንዲነበብ ነው። ስለዚህ ዘይት ቢነካው፣ የብረት አቧራ ቢያርፍበት አትጨነቅ። ለዚያ ነው የተዘጋጀው።

ዛሬ ስለ ምን ልንነጋገር ነው? ስለ አንዲት ዳዶ። አዎ፣ በሚግ መበየጃ ማሽን ውስጥ፣ በሽቦው ጥቅል መሃል ላይ ስላለችው ትንሽ ዳዶ። «ፓስተር፣ ይሄ ደግሞ ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» ትለኝ ይሆናል። እስቲ ታገሠኝ። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሠራ ነበር። በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ስለ እጁ ሥራ መናገር ነውር አይደለም።

ደግሞም ነገሩ ቀላል አይደለም። አንተ በበየድከው ተደራራቢ አልጋ ላይ ሕፃናት ይተኛሉ። ለጎረቤትህ በሠራኸው ማቆሚያ ላይ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ይቀመጣል። 1000 ሊትር ውሃ ስንት ይመዝናል? 1000 ኪሎ! አንድ ቶን ማለት ነው። ከሥሩ እናት ልብስ ታጥባለች፣ ልጅ ይጫወታል። እንግዲህ ብየዳው መያዝ አለመያዙ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው ወይስ አይደለም? ነው።

ጥፋቱ ያለው የት ነው?

በኤሌክትሮድ ስትበይድ ዘንጉን የምትመግበው አንተ ነህ፤ እጅህ ፍጥነቱን ያውቃል። ሚግ ግን እንዲህ አይደለም። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በባቴል የምርምር ተቋም ከወጣ ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም፤ ሽቦው ራሱ ኤሌክትሮድ ነው። ሞተር ይገፋዋል፤ ያለማቋረጥ ይወጣል፣ ያለማቋረጥ ይቀልጣል።

እዚህ ላይ ልብ በል። በተለመደው የሚግ ማሽን አምፒሩን በዋናነት የሚወስነው የሽቦው ፍጥነት ነው። ሽቦው ሲፈጥን አምፒሩ ይጨምራል፤ ሽቦው ሲዘገይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሽቦው እየተንተባተበ ከወጣ እሳቱም ይንተባተባል። አንዴ ይፈነጥቃል፣ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ሽቦው ጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ያን ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? ቮልቴጁን ይነካካል። ጋዙን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ማሽኑ የማይረባ ነው» ብሎ ይራገማል። በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ ማሽን ጥግ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው ሩብ ዙር ብቻ ነው። ክዳኑን የከፈተ ስለሌለ ነው እንጂ!

አንደኛ፦ ሁለቱን ጥብቀቶች ለይ

በማሽኑ ውስጥ የሚጠብቅና የሚላላ ነገር ሁለት ነው። ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

የመጀመሪያው የጥቅሉ ፍሬን ነው። ጥቅሉ በተሰካበት ዘንግ ላይ ሞላና ዳዶ አለ። ሥራው ምላጩን ስትለቅ ጥቅሉን ማቆም ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።

ሁለተኛው የሮለሩ ጫና ነው። ሽቦውን ጨብጦ ወደ ቶርቹ የሚገፋው ሮለር በላዩ ክንድ አለው፤ በክንዱ ላይ የሚጠመዘዝ እጀታ አለ። የዚህ ሥራ ደግሞ ሽቦው እንዳይንሸራተት መያዝ ነው።

አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ይገፋል። ታዲያ ፍሬኑ ከልክ በላይ ጠብቆ እያለ «ሽቦው አልሄድ አለ» ብለህ ሮለሩን ብታጠብቅ ምን ሆነ? ፍሬን ይዘህ ነዳጅ ረገጥህ ማለት ነው። ሞተሩ ያቃስታል፣ ሽቦው ይጨፈለቃል። ወገኔ፣ የአንዱን ጥፋት በሌላው አትሸፍን።

ሁለተኛ፦ የጥቅሉን ፍሬን አስተካክል

ማሽኑን አጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል። መነጽር አድርግ። ሽቦው በጥቅሉ ላይ ተጨንቆ የተቀመጠ ሞላ ነው፤ ጫፉን ከለቀቅኸው ተፈትቶ ፊትህን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የሮለሩን ክንድ ከማንሳትህ በፊት ጫፉን በእጅህ ያዝ። እጅህን ማንሳት ካስፈለገህ ጫፉን በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ባለው ቀዳዳ አጥፈህ ስካው።

አሁን ጥቅሉን በእጅህ በቀስታ አዙረው። እጅህን ስታነሳ ምን ሆነ? መዞሩን ከቀጠለ ፍሬኑ ላልቷል። በጉልበት ካልሆነ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ጠብቋል። የምትፈልገው በቀላሉ የሚዞር፣ ትንሽ የሚያዝ፣ እጅህ ሲነሳ ግን ወዲያው የሚቆም ጥቅል ነው። ከላላው ጀምር። ዳዶውን ሩብ ዙር አጥብቅ፣ ሞክር። እንደገና ሩብ ዙር፣ ሞክር። ልክ መቆም ሲጀምር እጅህን ሰብስብ። «ለመተማመኛ አንድ ዙር ልጨምርበት» አትበል፤ ያ መተማመኛ ሳይሆን ሸክም ነው።

ለምን ይህን ያህል እንጠነቀቃለን? ፍሬኑ ከላላ ምላጩን ስትለቅ ሞተሩ ይቆማል፣ ጥቅሉ ግን አይቆምም። ሽቦው ይላላል፣ ቀለበት ይሠራል፣ አንዱ ቀለበት በሌላው ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ የምትፈታው ሽቦ ሳይሆን የተወሳሰበ ልቃቂት ነው። በተጨማሪም ምላጩ ሲጫን ሽቦው ከነጥቅሉ ኤሌክትሪክ ይዞ ነው። የላላ ሽቦ የማሽኑን አካል ከነካ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ማሽኑንም ይጎዳል።

አንድ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ልጨምርልህ። ዛሬ ያስተካከልከው ፍሬን ጥቅሉ እያለቀ ሲሄድ ልክ አይሆንም። ሙሉ የሆነ ባለ 5 ኪሎ ጥቅል ከባድ ነው፤ አንዴ ከተሽከረከረ ለማቆም ጠንከር ያለ ፍሬን ይፈልጋል። ሽቦው ሲያልቅ ጥቅሉ ይቀልላል። ደግሞም ሽቦው የሚፈታው ከዳር ሳይሆን ወደ መሃል ከተጠጋ ቦታ ይሆናል፤ ስለዚህ ያንኑ ፍሬን ለማሸነፍ ሞተሩ ከበፊቱ የበለጠ መሳብ አለበት። ጥቅሉ ሲጋመስ ክዳኑን ክፈትና ትንሽ አላላው። ከ5 ኪሎ ወደ 1 ኪሎ ጥቅል ስትቀይርም ከመጀመሪያው ጀምር።

ሦስተኛ፦ የሮለሩን ጫና አስተካክል

በቅድሚያ ሮለሩ የሽቦው መሆኑን አረጋግጥ። ሽቦህ 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሮለሩ ቦይም፣ የቶርቹ ኮንታክት ቲፕም የ0.8 ይሁን። ለጠጣር የብረት ሽቦ ቦዩ ለስላሳና የቪ ቅርጽ ያለው ነው። በውስጡ ዱቄት ላለው፣ ፍላክስ ኮር ለሚባለው ሽቦ ደግሞ ጥርስ ጥርስ ያለው ሮለር ይሻላል። ጥርስ ያለውን ለጠጣር ሽቦ ብትጠቀም ሽቦውን ይፍቀዋል።

የቶርቹን ኬብል መሬት ላይ ቀጥ አድርገህ ዘርጋው። የሽቦውን የታጠፈ ጫፍ ቆርጠህ ጣል። ኮንታክት ቲፑን ፍታ፣ ሽቦውን አሳልፍ፣ ቲፑን መልሰህ እሰር። አሁን ማሽኑን አብራ። ቶርቹን ወደ ፊትህ፣ ወደ እጅህ፣ ወደ ሰው አታዙር! የሚወጣው ሽቦ እንደ መርፌ ይወጋል።

ጫናውን አላላው። ደረቅ እንጨት ውሰድ፤ ብረት ሳይሆን እንጨት። ቶርቹን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አርቀህ፣ ዘንበል አድርገህ ሽቦውን ወደ እንጨቱ ልቀቀው። ሽቦው እንጨቱን ነክቶ ከቆመና ሮለሩ በላዩ ከተንሸራተተ ግማሽ ዙር አጥብቅና ድገም። ሽቦው እንጨቱን ገፍቶ፣ ታጥፎ፣ እየተጠቀለለ መውጣቱን ከቀጠለ በቃ! ደርሰሃል። እዚያው ተወው።

ልክ የሆነ ጫና መንገድ ሲኖር ይገፋል፤ መንገዱ ጭራሽ ሲዘጋ ግን ይንሸራተታል። ይህ ድክመት አይደለም፤ ማሽኑን የሚያድነው እሱ ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ሮለር መንገድ ተዘግቶም መግፋቱን አይተውም። ሽቦው መሄጃ ሲያጣ በሮለሩና በኬብሉ መግቢያ መካከል ተጠቅልሎ የወፍ ጎጆ ይመስላል። ይህን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መቁረጫ ይዞ እየቆራረጡ ማውጣት ነው።

አራተኛ፦ ምልክቱን አንብብ

ማሽኑ ይናገራል፤ የሚሰማው ሲያገኝ ነው። ምላጩን ስትለቅ በጥቅሉ ላይ የላላ ቀለበት ታያለህ? ፍሬኑ ላልቷል። ሞተሩ ያቃስታል፣ ጥቅሉም እየተጎተተ በመንቀጥቀጥ ይዞራል? ፍሬኑ ጠብቋል። ከሮለሩ ሥር የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ አለ? ሮለሩ ሽቦውን እየፋቀው ነው። ያ ብናኝ በኬብሉ ውስጥ ያለውን ላይነር ይደፍናል፤ ዛሬ ያጠበቅኸው ነገ መንገድህን ይዘጋል።

ሁለቱም ጥብቀቶች ልክ ሆነው ሽቦው አሁንም የሚቆራረጥ ከሆነስ? እንግዲያው ሌላ ቦታ ፈልግ። ኬብሉ ታጥፎ ይሆናል። ቲፑ ተበልቶ ወይም በፍንጣሪ ተደፍኖ ይሆናል። ላይነሩ ቆሽሾ ይሆናል፤ አውጥተህ በንጹሕ አየር ንፋው። በክረምት ውጭ ያደረ ሽቦም ይዝጋል፤ የዛገ ሽቦ እንደ ሞረድ ላይነሩን እየፋቀ ነው የሚሄደው። ሥራ ስትጨርስ ጥቅሉን አውጥተህ በፌስታል ጠቅልለህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ።

ቀለም የሚሸፍነው

በመጨረሻ ይህን ልንገርህ። ሽቦው እየተቆራረጠ የተበየደ ብረት ከላይ ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል። ከሥር ግን ብረቱ አልቀለጠም፤ ብየዳው ላዩ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልገባም። ግራይንደር ብታሳልፍበት፣ ቀለም ብትቀባው ደንበኛህ አያውቅም። ገንዘብህን ቆጥሮ ይሰጥሃል፣ አመስግኖህም ይሄዳል። አንተ ግን ታውቃለህ፤ እግዚአብሔርም ያውቃል።

ስለዚህ የሰው ሥራ ከመጀመርህ በፊት ሁለት ቁራጭ ብረት ወስደህ በቲ ቅርጽ፣ በአንድ ወገን ብቻ በይድ። ሞርሳ ላይ እሰረውና ካልበየድከው ወገን ወደ ብየዳው አቅጣጫ በመዶሻ ምታው። ብየዳው እንደ ቅርፊት ተላቆ ከተነሳ ወደ ሰው ቤት ይዘኸው አትሂድ። ክዳኑን ክፈት፣ ከፍሬኑ ጀምር። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በጥቂት ደቂቃ ምክንያት የአንድ ቶን ውሃ በልጅ ላይ አይውደቅ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ነገ አትበል። ዛሬ ማሽንህን ከማብራትህ በፊት ሶኬቱን ንቀልና ጥቅሉን በእጅህ አዙረው። እጅህን ስታነሳ ይቆማል? ወይስ ይቀጥላል? መልሱ እዚያው እጅህ ላይ ነው።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ የሠራችሁትንም ያጽና። አሜን።